ሸክም ወይስ ልብስ፦ ሯጭና ስልኩ

ስልክ ይዞ መሮጥ ምቹ የሚሆነው ስልኩ ቀላል ሲሆን ሳይሆን ሲረሳ ነው። በዛሬ ገበያ አንድ ዘመናዊ ስልክ ባብዛኛው ከ170 እስከ 240 ግራም ይመዝናል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከሩጫ በፊት የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ውኃም ከዚህ አያንስም፤ ሆኖም ውኃ ተሸክሜ ሮጥሁ የሚል የለም። ስልኩ በሰፊ ቁምጣ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጭን ሲደበድብ ግን መቶ ሜትር ሳይኬድ ሐሳብን ሁሉ ይወስዳል። ክብደታቸው ከሚቀራረብ ሁለት ነገሮች አንዱ ሸክም፣ ሌላው ምንም የሚሆነው ለምንድን ነው? ጥያቄው የስፖርት ዕቃ ሻጭን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን የሰው አካል የት ላይ ያበቃል ብለው የጠየቁ ፈላስፎችም፣ በሰንበት ምን ይዞ መውጣት ይፈቀዳል ብለው የተከራከሩ የሕግ መምህራንም የደረሱት እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሰውነትን እንቅስቃሴ ማየት ያስፈልጋል። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ያህል ይረግጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም የሰውነቱ የክብደት ማዕከል ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሥቶ ይመለሳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይህ 5,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር ከሰውነት ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ ላልቶ የተንጠለጠለ ነገር ግን ይዘገያል። ሰውነቱ ሽቅብ ሲነሣ እሱ ገና ቁልቁል እየወረደ ነውና መንገድ ላይ ይጋጫሉ። ሯጩን የሚያስመርረው 200 ግራሙ ሳይሆን ይህ ማለቂያ የሌለው ግጭት ነው።

ክብደቱ የሚቀመጥበት ቦታም የራሱ ዋጋ አለው። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሩጫው የሚጠይቀው ኃይል በ1 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ እግር በየእርምጃው እየተወረወረና እየተገታ ይሄዳልና። ክብደቱ ወገብ ላይ ሲታሰር ግን ጭማሪው ከጠቅላላ የሰውነት ክብደት ጋር የተመጣጠነ ብቻ ይሆናል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወገቡ ላይ ላሰረው 200 ግራም ስልክ የሚከፍለው ተጨማሪ ኃይል የአንድ በመቶ ሲሶ ያህል ነው፤ ለሜዳሊያ ለማይሮጥ ሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ክብደትና ሸክም አንድ ነገር አለመሆናቸውን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። የኬንያ ሉዎ ሴቶች በራሳቸው ላይ፣ የኪኩዩ ሴቶች ደግሞ ግንባራቸውን በሚያቅፍ ማሰሪያ በጀርባቸው፣ ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አምስተኛ የሚደርስ ጭነት ይዘው ሲራመዱ ባዷቸውን ከሚራመዱበት ጊዜ የበለጠ ኃይል እንደማያወጡ ጥናቱ አገኘ። ይህ ለእርምጃ እንጂ ለሩጫ የሚሠራ አይደለም። ከአንድ አምስተኛ በላይ ሲጨመርም ኃይል መጠየቁ አይቀርም፤ ከእንጦጦ ማገዶ ይዘው ለሚወርዱት ሴቶች፣ ጭነታቸው ከዚህ ልክ እጅግ ያለፈ ነውና፣ ይህን ግኝት ማውራት ስላቅ ይሆናል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ተረጋግጧል፦ ሚዛን ላይ የሚነበበው ቁጥር ስለ ሸክምነት የሚናገረው ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ብዙ ሰው ስልኩን የሚይዘው በእጁ ነው። ቀላሉ መንገድ ነው፤ ምንም አይገዛም፣ ምንም አይታሰርም። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጣቶች ስልኩን ላለመጣል ሲጨብጡ ክንድ ይጠነክራል፤ ከክንድ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንገት እያለ ሰውነቱ በአንድ ወገን ይገታል። የእጅ ውዝዋዜ ደግሞ ለይምሰል አይደለም። እግሮች ወገብን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩ እጆች በተቃራኒው እየተወዛወዙ ሚዛኑን ይመልሳሉ፤ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንዲሮጡ ሲደረግ የሚያወጡት ኃይል በ3 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ተለክቷል። አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው ድርሳኑ እጅን የመሣሪያዎች ሁሉ መሣሪያ አድርጎ ያየዋል። እጅ ሁሉን መያዝ የሚችለውም በራሱ ምንም ስላልያዘ ነው። ስልክ የጨበጠ እጅ ይህን ነጻነቱን አጥቷል። ሯጩ ቢደናቀፍ መሬት የሚቀበልበት፣ ውሻ ቢመጣበት የሚከላከልበት አንድ እጅ ብቻ ቀርቶታል። በከተማ ውስጥ ደግሞ ለሞጭላፊ ማመቻቸት ነው።

የክንድ ማሰሪያ የተስፋፋው የሙዚቃ ማጫወቻዎች ከክብሪት ቀፎ ብዙ በማይበልጡበት ዘመን ነው። ስልኮች ከዚያ ወዲህ ከስድስት ኢንች አልፈዋል፤ የሰው ክንድ ግን ባለበት አለ። ክንድ ወደ ክርን እየቀጠነ ስለሚሄድ ማሰሪያው ይንሸራተታል፤ እንዳይንሸራተት ሲጠብቅ ደም ይይዛል፤ ከሥሩ ላብ ይጠራቀማል። ለትንሽ ስልክና ለአጭር ሩጫ ካልሆነ በቀር ዛሬ የሚመረጥበት ምክንያት ጥቂት ነው።

የተሻለው ቦታ ወገብ ነው። የክብደት ማዕከል እዚያው አካባቢ ስለሚገኝ ወገብ ላይ የተቀመጠ ነገር ከሰውነቱ ሁሉ ያነሰ ይወዛወዛል። ሰዎች ይህን ያወቁት ላብራቶሪ ከመኖሩ በፊት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ነቢዩ ኤልያስ ከአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል የሮጠው መጀመሪያ ወገቡን ታጥቆ ነው፤ ረጅም ልብስ ለሚለብስ ሰው ሩጫ የሚጀምረው በመታጠቅ ነበር። የኢትዮጵያ እናቶች መቀነትም እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው፦ ወገብን ይይዛል፣ በጫፉ የተቋጠረውን ሳንቲም ይጠብቃል። ገበያ ውላ፣ አቀበት ወጥታ፣ ልጅ አዝላ የምትመለስ ሴት ስለ ሳንቲሟ አታስብም፤ መቀነቱ እስካለ ሳንቲሙ አለ። ዛሬ ለሯጮች የሚሸጠው ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ፣ ዙሪያውን ኪስ የሆነው፣ የዚሁ የመቀነት ዘመድ ነው። ዘለበትና ማሰሪያ ካለው ጠባብ የወገብ ቦርሳ ይልቅ ይህኛው የሚሻለው ስልኩን በአንድ ነጥብ ስለማያንጠለጥለው፣ ይልቁንም በሆድ ወይም በወገብ ጀርባ ላይ ዘርግቶ ስለሚያጣብቀው ነው። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ አይንሸራተትም። የስልኩ መስታወት ወደ ሰውነት ዞሮ፣ ቁልፍ በሌላ በኩል ተለይቶ፣ ላብ የሚያስቸግር ከሆነም ስልኩ በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ቢገባ ከዚያ ወዲያ የሚቀር ጥንቃቄ የለም ማለት ይቻላል።

ከወገብ ቀጥሎ የሚመጡት ከዚህ ሐሳብ አይርቁም። በጠባብ ሱሪ ጭን ጎን ያለው ኪስና በቁምጣ ጀርባ መሐል የሚሰፋው ባለ ዚፕ ኪስ፣ ጨርቁ እስካልላላ ድረስ፣ ጥሩ ናቸው። ረጅም ርቀት ለሚሮጥና ውኃም ለሚይዝ ሰው በሁለት ትከሻ የሚገባ የሩጫ ሰደርያ ክብደቱን በእኩል ይከፍላል። አንዳንድ ሴቶች ስልክን በስፖርት ጡት መያዣ ውስጥ ያስገባሉ፤ አይወዛወዝም፣ ሙቀትና ላብ ግን ይበዛበታል።

የሰውነቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ባብዛኛው ተፈቷል። ያልተፈታው ሌላኛው ነው፦ በደንብ የታሰረ ስልክ አሁንም የሚያዝ ዕቃ ነው ወይስ የልብስ ክፍል ሆኗል?

ይህን ልዩነት እንደ አይሁድ ሕግ በጥልቀት የመረመረው ጥቂት ነው። በሰንበት ከቤት ወደ አደባባይ ዕቃ ይዞ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 17 በኢየሩሳሌም በሮች ሸክም እንዳይገባ አስጠንቅቋል። ታዲያ ራቁቱን የሚወጣ ስለሌለ፣ መምህራኑ ልብስ የሚባለውና ሸክም የሚባለው የት ላይ እንደሚለያዩ መወሰን ነበረባቸው። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና ሰው ዕቃ የሚይዝባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። በእጁ፣ በእቅፉ ወይም በትከሻው ይዞ የወጣ ጥፋተኛ ነው፤ የቀዓት ልጆች ንዋየ ቅድሳቱን የተሸከሙት በዚህ መንገድ ነበርና። በእግሩ፣ በአፉ፣ በክርኑ፣ በፀጉሩ፣ በጫማው፣ በቀበቶውና በልብሱ መካከል ወይም አፉ ወደ ታች በተዘቀዘቀ የገንዘብ ቀበቶ የያዘ ግን ከቅጣት ነጻ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃ ተሸካሚዎች እንዲህ አድርገው አይሸከሙም። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ክብደት ፈጽሞ አልተነሣም። መምህራኑ የመዘኑት የአያያዙን ልማድና የያዡን ሐሳብ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ሌላ ክርክር አለ። ሰው በሰንበት ሰይፍ ታጥቆ መውጣት ይችላል? ረቢ ኤሊዔዘር ይችላል አሉ፤ ሰይፍ ለሰው ጌጡ ነው። ሌሎቹ ሊቃውንት ሰይፍ ነውር እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ፣ ኢሳይያስም ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን ቀን እንደተነበየ ጠቅሰው ተቃወሟቸው። ክርክሩ የአንድ ዕቃ ልብስነት በአሠራሩ ብቻ እንደማይወሰን ያሳያል፤ የሰው ልጅ ምን መልበስ ይገባዋል የሚል ፍርድ አለበት። በዛሬዎቹ አጥባቂ አይሁዶች ዘንድ ደግሞ ቁልፉ ራሱ የቀበቶው ዘለበት ሆኖ የሚሠራበት የሰንበት ቀበቶ አለ። ቁልፉ ቢወጣ ቀበቶው ይፈታል፤ ስለዚህ ቁልፉ በቀበቶ ውስጥ የተያዘ ዕቃ ሳይሆን የቀበቶው አካል ነው። ስልክ በዚህ ብልሃት አያልፍም፤ በሰንበት የሚከለከልበት ምክንያት መሸከሙ ብቻ አይደለምና። ብልሃቱ ግን ለሯጩ ቀበቶ ከማንኛውም የዕቃ ማስታወቂያ የተሻለ መለኪያ ይሰጣል፦ ነገሩ ሲወጣ የሚጎድል ነገር ካለ ልብስ ነው፣ ሲወጣ እፎይታ ብቻ ከመጣ ሸክም ነው።

ቤተ እስራኤል ሚሽናን ሳያውቁ ሰንበትን አጥብቀው የጠበቁት በኦሪት፣ በኩፋሌና በትእዛዘ ሰንበት ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው፣ በምዕራፍ 50 በሰንበት ሸክም አንሥቶ ከድንኳን ወይም ከቤት የሚያወጣውን አጥብቆ ይከሳል። እዚያ ውስጥ ስለ ክርን፣ ስለ ፀጉርና ስለ ተዘቀዘቀ ቀበቶ የተጻፈ ነገር የለም፤ ክልከላው ደፍኖ የተቀመጠ ነው። ቀዳዳ የማይፈልግ ሕግ ነውና ለልብስና ለሸክም ድንበር የሚሰጠው ትንታኔም ያነሰ ነው። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው።

ፈላስፎቹ ወደ ጥያቄው የገቡት በሌላ በር ነው። «አልቂብያደስ» በሚባለውና ለፕላቶን በሚሰጠው ውይይት ውስጥ ሶቅራጥስ ተጠቃሚና መገልገያ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቶ፣ ሰው በአካሉ የሚገለገል ነፍስ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። በዚህ አቆጣጠር ጫማም እግርም ስልክም ሁሉ መገልገያ ናቸው፤ ልዩነታቸው የርቀት ብቻ ነው። ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ነፍስንና ሥጋን ከማንም ይበልጥ የለየ ሰው ቢሆንም፣ ነፍስ በሥጋ ውስጥ ያለችው መርከበኛ በመርከቡ ውስጥ እንዳለ እንዳልሆነ ተገንዝቦ ነበር። መርከበኛ መርከቡ ሲሰበር ያያል፤ ሰው ግን ሲቆስል ያመዋል።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሞሪስ ሜርሎ-ፖንቲ ይህን ሕመም ከቆዳ አልፎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ የዓይነ ስውርን በትር ያነሣል፦ በትሩን የለመደ ሰው በትሩን አይዳስስም፣ በበትሩ ጫፍ መሬቱን ይዳስሳል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ይልቅ መቋሚያን ቢያስብ ይቀርበዋል። ማኅሌት የሚቆም ካህን ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያው ይደገፋል፤ በዝማሜው ጊዜ ደግሞ ያው መቋሚያ ከዜማው ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ያዘነብላል። ለጀማሪ ደቀ መዝሙር መቋሚያ የሚያዝ እንጨት ነው፤ መቼ እንደሚያነሣው ያስባል፣ ይሳሳታል። ለመሪጌታው ግን የክንዱ ተከታይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው የዓመታት ልምምድ ነው።

ልምምድ ዕቃውን ወደ አካል ማስገባት ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከሄደም በኋላ አካል ላይ ማኅተሙን ይተዋል። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሯሯጥ ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲሄድና ሲመለስ ደብተሮቹን በግራ ክንዱ ታቅፎ ነበር፤ በኋላም የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር ግራ እጁ ያንኑ ደብተር እንደያዘ ጠጋ ብሎ ይታጠፍ ነበር። ደብተሩ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ክንዱ አላስቀመጠውም። የዛሬው ሯጭ በእጁ የሚጨብጠው ስልክ ምን ዓይነት አሯሯጥ እያስተማረው እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ያስተዋለው የነገሩን ሌላ ወገን ነው። በሥራ ላይ ያለ መዶሻ አይታይም፤ የሚታየው ሲሰበር፣ ሲጠፋ ወይም እጅ ሲያደናቅፍ ነው። የሩጫ ቀበቶ የሚዳኘውም በዚሁ ነው። ሲላላ ብቻ ትዝ የሚል ቀበቶ ጥሩ ቀበቶ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስልክን ከበትር፣ ከመቋሚያና ከመዶሻ ተራ ማሰለፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንዲ ክላርክና ዴቪድ ቻልመርስ ከዚህም ርቀው ሄዱ። የመርሳት በሽታ ያለበት ኦቶ የሚባል ሰው በምሳሌነት ፈጥረው፣ ሁልጊዜ የሚይዘውና ሳይጠራጠር የሚያምነው ማስታወሻ ደብተር የአእምሮው ክፍል ሊባል ይገባል ብለው ተከራከሩ። ቻልመርስ ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱን አይፎን በዚሁ ሚዛን ቆጥሮታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 ፖሊስ የተያዘን ሰው ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይበረብር ሲወስን፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ከማርስ የመጣ እንግዳ ስልክን የሰው አካል ክፍል አድርጎ ሊወስደው እንደሚችል በውሳኔው ውስጥ ጽፈዋል። ቀልድ አለበት፤ ውሳኔው ግን ቀልድ አልነበረም።

ይህ ክርክር አንድ ነገር ያልፋል። በትር ከሰውየው ወደ ዓለም ይዘረጋል፤ የሚጠቀምበት እሱ ነው፣ አቅጣጫውም አንድ ነው። የኦቶ ደብተር ሳይከፈት አይናገርም። ስልክ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ሯጩ ርቀቱን ሲለካበት፣ ሙዚቃ ሲሰማበት፣ መንገድ ሲፈልግበት የእሱ መሣሪያ ነው፤ ሲጠራ ደግሞ የሌሎች እጅ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፍ እጅ በሚገባ በተሰፋ የላስቲክ ቀበቶ አይወገድም። እንዲያውም ስልኩ ይበልጥ በተጣበቀ መጠን ንዝረቱ ይበልጥ ይሰማል። ግራሙን ወገብ ቻለው፤ የመጠራቱ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ሸክም ነው፣ ለሱ የሚሆን ኪስ የለም።

በአካል ላይ የሚታሰሩ የሃይማኖት ነገሮች ይህን ያብራራሉ። አይሁዳዊ ወንድ በሳምንቱ ቀናት ጸሎት ላይ ተፊሊን የሚባሉትን፣ ውስጣቸው የኦሪት ቃል ያለባቸውን ሁለት ትናንሽ የቆዳ ሳጥኖች፣ አንዱን በክንዱ አንዱን በራሱ ላይ ያስራል። ሳጥኖቹ እስከታሰሩ ድረስ ሐሳብን ከነሱ ማንሣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ እየዳሰሱ ማስታወስም ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ መርሳት ጥፋት ነው፤ ሯጩ ከክንድ ማሰሪያው የሚመኘው ደግሞ በትክክል መርሳትን ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ማዕተብ ከሁለቱም ይለያል። በጥምቀት ጊዜ በሕፃን አንገት የሚታሰረው ክር እያለ እንደሌለ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሲተኛም ሲሠራም ሲሮጥም አያስበውም፣ ሲበጠስ ግን ይደነግጣል። ተፊሊን ትኩረትን የሚጠይቀው በእግዚአብሔር ስም ነው፣ ማዕተብ ምንም አይጠይቅም። ስልክ ትኩረትን የሚጠይቀው ቁጥሩን ባወቀ ሁሉ ስም ነው፤ ከባንክ ማስታወቂያ እስከ እናት።

ስለ ሩጫና ስለ ሸክም በክርስትና ከሁሉ የታወቀው ቦታ የዕብራውያን መልእክት 12ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ነው፤ አማኙ ሸክምን ሁሉ ጥሎ በትዕግሥት እንዲሮጥ ይመከራል። የጸሐፊው ሐሳብ ከግሪክ ስታዲየም የተወሰደ ሲሆን እዚያ ሯጮች ልብሳቸውን እንኳ አውልቀው ይሮጡ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ክፍል ሲተረጉም ሸክሙን እንቅልፍ፣ ቸልተኝነትና ተራ የሰው ሐሳብ አድርጎ ያየዋል፤ ማለትም ዕቃ አይደለም። እዚያው ግሪክ ውስጥ ግን ሸክሙ ራሱ ውድድር የሆነበት ሩጫም ነበር፦ ከ520 ዓመተ ዓለም ጀምሮ በኦሎምፒያ ጋሻ ይዘው የሚሮጡ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ጥንታውያኑ ሁሉ ባዶ መሮጥን ብቻ አከበሩ ማለት አይቻልም።

መልእክተኛ ሯጭ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ የሚሮጠው የያዘውን ለማድረስ ነው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው በ490 ዓመተ ዓለም ፊሊጲደስ የአቴናን የእርዳታ ጥሪ ይዞ ወደ ስፓርታ ሮጠ፤ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ጨርሶ በማግስቱ ደረሰ። በተጌያ አካባቢ ተራራ ላይ ፓን የተባለው አምላካቸው በስሙ ጠርቶ አስቆመውና አቴናውያን ለምን ትኩረት እንደነፈጉት ጠየቀው ይባላል። ታሪኩን ማመን ግድ አይደለም። መልእክት ይዞ የሚሮጥን ሰው መሐል መንገድ ላይ ጠርቶ ስለ ትኩረት መውቀስ ግን ከስልክ ዘመን ብዙ ቀድሞ የታሰበ ነገር መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ስልክን ቤት መተው ነው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ለአትሌቶች በውድድር ላይ መልሱ ይኸው ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በውድድር ክልል ውስጥ ስልክ መያዝን ያልተፈቀደ እርዳታ አድርጎ ይቆጥረዋል። በኃይሌ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ግን ከኋላ ያለው ሕዝብ ፎቶ እየተነሣ ነው የሚሮጠው፤ እዚያ ስልኩ የበዓሉ ክፍል ነው። ከውድድር ውጪ ጥያቄው የሚወሰነው ሯጩ ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር በሚለው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማይክል ክራውሊ ከኢትዮጵያ ሯጮች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሯጮች ዘንድ ብቻን መሮጥ ለጤና እንጂ ለለውጥ አይጠቅምም፤ ቁም ነገሩ የፊተኛውን እግር ተከትሎ በአንድ ምት መሄድ ነው። በእንጦጦ ጫካ ውስጥ በቡድን ለሚሮጥ ሰው ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ፍጥነቱን የሚነግረው፣ መንገዱን የሚያሳየው ከጎኑ አለ። ብቻውን የሚሮጠው የከተማ ሰው ወገቡ ላይ የሚያስረው ስልክ የእነዚህን ጓደኞች ቦታ ይሸፍናል፤ ባይሸፍን እንኳ ምትካቸው ሆኖ ተይዟል።

ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ስልክ የምትይዘው ከልምድ ብዛት አይደለም። ያለችበትን ቦታ ለእህቷ የሚያሳይ፣ በአንድ ቁልፍ ሰው የሚጠራ ነገር ለሷ ጠባቂዋ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ሯጭ ስለ ባዶ ሩጫ ውበት መስበክ የማይመለከተው ሰው ምክር ነው። በሰንበቱ ቀበቶ መለኪያ ስልኩ ከወጣ የሚጎድላት ነገር አለ፤ ስለዚህ ለሷ ልብስ ነው። የሥራ ቡድኑ መልእክት እንዳያመልጠው ብሎ የሚይዘው ሰው ግን፣ በዚያው ቀበቶ ውስጥ በዚያው ግራም፣ ሸክም ይዟል። አንዱ ዕቃ ለሁለት ሰው ሁለት ነገር መሆኑ ረቢ ኤሊዔዘርና ሊቃውንቱ በሰይፍ ላይ ያልተስማሙበትን ምክንያትም ይመስላል።

ቀሪው በማስተካከያው ይፈታል። ስልክ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖም የሳተላይት ምልክት መቀበል ስለሚችል ርቀትንና መንገድን ይመዘግባል፤ በዚያ ሁኔታ ግን መጥራትም መጠራትም አይችልም፣ ስለዚህ ለጠባቂነት የያዘውን ሰው አያገለግለውም። የራሱ መስመር ያለው ስማርት ሰዓት ክብደቱን ወደ ጥቂት አሥር ግራሞች ያወርዳል፤ ንዝረቱን ግን ከወገብ ወደ አንጓ ያቀርበዋል። መካከለኛው መንገድ «አትረብሹኝ» የሚለው ማስተካከያ ነው፦ ሁሉ ዝም ይላል፣ ባለቤቱ የመረጣቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ ያልፋል። አይፎን ላይ ተደጋጋሚ ጥሪ ከተፈቀደ ያው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሲደውል ድምፁ ይሰማል፤ የጭንቅ ደዋይ ሁለቴ እንደሚደውል ታስቦ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚገባውን ስም መምረጥ ቀበቶ ከመምረጥ ይከብዳል። ተረኛ ሐኪም ሆስፒታሉን ያስገባል፤ ትንሽ ልጅ ያላት እናት ሞግዚቷን፤ ብቻዋን የምትሮጠው እህቷን። ለዚያ ሰዓት የሚያስገባው ስም ያላገኘ ሰው ስልኩን ቤት ትቶ ቢወጣ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ርቀቱንና ጊዜውን ለማወቅ ተራ የሩጫ ሰዓት ይበቃዋል።